የግዕዝ ምርጫችን ፋይል የት ተቀመጠ?

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20፣ ፕሮግራመሮች የሚወዱት የጽሑፍ ማረሚያ፣ ግዕዝን ይዞ መጣ። ክፍሉን የሠራው ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ነው፤ አጻጻፉ ግን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት "ሴራ" ነው። ስሙ አያስደንግጥ፣ ምህጻረ ቃል ነው! "ጊች" ለማለት ጂ፣ አይ፣ ሲ መንካት ይበቃል፤ ሲዋ ትልቅ ከሆነች "ጊጭ" ትሆናለች።

በ1999 ዩኒኮድ ለግዕዝ ቁጥር ሲሰጥ ጽሑፉ ከማሽን ወደ ማሽን መሻገር ቻለ። ምርጫው ግን አልተሻገረም። ግዕዝን አስቀድም የሚለው ትእዛዝ ያለው በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። በሊኑክስ በተጠቃሚው ማኅደር፣ በነጥብ በሚጀምር ስም ተደብቃለች። በዊንዶውስ "ሆም" የሚባለው አድራሻ ካልተሰየመ፣ ድሮ ሲ ድራይቭ ላይ፣ በኋላ አፕዳታ ውስጥ ትፈለጋለች። በ2020 ኢማክስ 27 ደግሞ "ኮንፊግ" የተባለውን ማኅደር ጨመረ።

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ፋይሏን ቢያጣ የለመደው ቀለም ይቀርበታል። በአማርኛ ለሚጽፈው ግን ማረሚያው በላቲን ይከፈትበታል፤ ሰው "አማርኛ አይሠራም" ብሎ ሊተወው የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ቦታዋን ለማወቅ ኢማክስን ራሱን መጠየቅ ይቻላል፦ "ዩዘር ኢኒት ፋይል" የሚለው ተለዋዋጭ ሙሉ አድራሻዋን ይናገራል።