ዮርዳኖስ፦ ነዳጅ በሌለው ምድር የነዳጅ ፍለጋ ጉዞ

ዮርዳኖስ ከሳዑዲ ዓረቢያና ከኢራቅ ጋር ብትዋሰንም የጎረቤቶቿን ያህል የነዳጅ ሀብት አልታደለችም። ከሚያስፈልጋት ኃይል አብዛኛውን የምታስገባው ከውጭ ነው። የነዳጅ ታሪኳ ከከርሰ ምድሯ ይልቅ ከጎረቤቶቿ ሰላምና ጦርነት ጋር የተቆራኘውም ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የዛርቃ ማጣሪያ

የዮርዳኖስ ነዳጅ ማጣሪያ ኩባንያ የተቋቋመው በ1956 ነው። ከአማን ሰሜን ምሥራቅ በዛርቃ የተከለው ማጣሪያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ድፍድፍ ነዳጁን ያገኝ የነበረው የሳዑዲን ነዳጅ ወደ ሊባኖስ ጠረፍ ከሚያሻግረው «ታፕላይን» ቧንቧ ነበር። በ1990 በተቀሰቀሰው የባሕረ ሰላጤ ቀውስ ይህ አቅርቦት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ኢራቅ ድፍድፉን በርካሽ፣ በከፊልም ያለ ክፍያ፣ በቦቴ ስትልክ ቆየች፤ የ2003ቱ ጦርነት ይህንንም አስቀረ።

የአገር ውስጥ ምርት

በ1984 በአዝራቅ አቅራቢያ የተገኘው የሐምዛ የነዳጅ ጉድጓድ ምርት ከጅምሩም አነስተኛ ነበር። በኢራቅ ወሰን አካባቢ በ1987 የተገኘው የሪሻ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከ1989 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የብሪታንያው ቢፒ በ2009 ምርቱን ሊያሳድግ ገብቶ በ2014 ወጥቷል። ሥራውን የብሔራዊ ነዳጅ ኩባንያው ቀጥሎበታል።

የጋዝ ጥገኝነት ዋጋ

በ2003 የግብፅ ጋዝ በቧንቧ አቃባ ደረሰ። ከ2011 ጀምሮ ግን በሲና በረሃ ቧንቧው በተደጋጋሚ ጥቃት ደረሰበት። ዮርዳኖስም ውድ በሆነው ናፍጣና ከባድ ነዳጅ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ተገደደች፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያዋ ዕዳም ወደ ቢሊዮን ዲናሮች አሻቀበ። መንግሥት በኅዳር 2012 የነዳጅ ድጎማ ሲያነሳ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ።

በ2015 በአቃባ የፈሳሽ ጋዝ መቀበያ ተከፈተ። ከ2020 መግቢያ ጀምሮም ከእስራኤሉ ሌቪያታን ጋዝ ይመጣል። ውሉ በአገር ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው ሲሆን፣ በሰኔ 2025 እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ አቅርቦቱ ለጊዜው ተስተጓጉሏል።

ነዳጅ አዘል ድንጋይ

ዮርዳኖስ በስፋት ያላት ሀብት ዘይት ያዘለ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን በማንደድ 470 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአታራት ጣቢያ ግንባታ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። የኃይሉ ዋጋ ተወዷል በሚል ግን ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት አምርቷል። በሌላ በኩል ከፀሐይና ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሩብ በላይ ደርሷል።

ለውጡ ከኡም ሱማቅ እስከ ምሥራቅ አማን፣ በክረምት በጋዝና በኬሮሲን ምድጃ በሚሞቁ ቤቶች ሁሉ በወጪ ይንጸባረቃል። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ ቤንዚንና ናፍጣ የምታስገባው ተጣርቶ ነው። የዮርዳኖስ ተሞክሮ እንደሚያሳየው ማጣሪያ መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ድፍድፉ ከየት እንደሚመጣና በስንት መንገድ እንደሚመጣም ወሳኝ ነው።