«ቤት» ስለሚባለው ቃልና ስለ ቤተ አምሐራ ስም

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ማንም የሚያውቀውን «ቤት» የሚባለውን ቃል ነው። ይህ ቃል ከጎጆ ወጥቶ ያልገባበት የሥራና የትምህርት ክፍል የለም ለማለት ይቻላል። የ«በ» ፊደል ስሟ ቤት ነው፤ በፊንቄያውያንም ዘንድ ስሙ መኖሪያ ማለት ነበር፤ ግሪኮችም ከእነርሱ ተቀብለው ቤታ አሉት። የሒሳብ ተማሪ «የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት» ይላል። ባለቅኔው ጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት፣ መወድስን ስምንት ቤት ብሎ ይቈጥራል። ወጥ ቤት ሲባል ክፍሉም ሠራተኛዪቱም ናቸው። ባለቤት ደግሞ ባለንብረትም፣ ባልም፣ ሚስትም፣ በሰዋስውም ድርጊቱን የሚፈጽመው ነው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህን የሰዋስው ትምህርት ስንሰማ ሳቃችንን መግታት አቅቶን ነበር።

ታዲያ «ቤተ አምሐራ» ሲባል ቤቱ የትኛው ነው? በመካከለኛው ዘመን በዚህ ስም የታወቀው አገር በሽሎን በሰሜን፣ ዓባይን በምዕራብ፣ ወንጪትን በደቡብ ያዋሰነው ደጋ ሲሆን፣ ዛሬ መካነ ሰላም ያለችበት ቦረናም በውስጡ ነበረ። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህም በ1524 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1531) መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም የተቃጠሉበትን አገር በዚሁ ስም ይጠራዋል። እዚህ ላይ ቤት ሕንፃ አይደለም፤ እንደ «ቤተ እስራኤል» ሁሉ ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም አልፎ የተቀመጠበት ምድር ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ኦሮሞ በአገሩ ሲሰፍር ስሙ ጠፋ፣ ባዕድ ስም ተተካ እየተባለ ይነገራል። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልታየንም። ወረ ሂመኖንና ወረ ኢሉን እንመልከት። «ወረ» በኦሮምኛ የአንድ ቤት ሰዎች፣ ወገን ማለት ነው፤ እሱም እንደ ቤት ከሰው ተነሥቶ የአገር ስም ሆኗል። ስለዚህ ቋንቋው ቢለወጥም አገርን በነዋሪው ቤት የመሰየሙ ልማድ አልተለወጠም። ለዚህ አሳባችን የማይመቸን ቦረና ነው፤ «ወረ» ሳይጨመርበት ብቻውን የቆመ የነገድ ስም ነውና።

ከቦረና በስተ ሰሜን ያለው አገር ግን እስከ ዛሬ አማራ ሳይንት ይባላል። በዚያ የወደቀው «ቤተ» የሚለው ብቻ ነው።