የመኳንንቱ ሰፈርና የድሃው ድርሻ

አዲስ አበባ በባለ ስም ሰዎች ግቢ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያለውን መሬት ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ አደሉ። መኰንኑ ከፍ ያለ ቦታ መርጦ እልፍኙንና አዳራሹን ያሠራል፤ ጭፍራው፣ አሽከሩና ጠጅ ጣዩ ከግርጌው ጎጆ ቀልሶ ይሰፍራል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ በቤኒ ሻንጉሉ ሼኽ ሆጀሌ ስም ሸጎሌ የተባለው አካባቢ፣ ሁሉም የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። ሀብታምና ዝነኛ ሰው በከተማ መኖሩ ተራውን ነዋሪ ይጠቅመዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሣል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተፈትኗል። እኔ ከታሪኩ የምረዳው፣ የባለጸጋው ጎረቤትነት ብቻውን ለድሃው ዘላቂ ጥሪት አላተረፈለትም። የጠቀመው ከባለጸጋው እጅ ወጥቶ የሁሉም የሆነው ነው።

የመኳንንቱን ውለታ የሚያነሡ ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ንጉሡና ሹማምንቱ ባይሰፍሩበት ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያ መስክ ላይ አይሰበሰብም ነበር። የአራዳ ገበያ የደራው በእነሱ ፍላጎት ነው፤ ሕንዱና አርመኑ ነጋዴ፣ አናጢው፣ ግንበኛው፣ ሸማኔው በእነሱ ሥራ እንጀራ በላ። በግብር ቀን በምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈራርቆ ይስተናገድ ነበር፤ መኳንንቱም በየደጃቸው ያንኑ ልማድ ይከተሉ ነበር። ይሁን እንጂ መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ከመኳንንቱ በፊት የጉለሌና የሌሎች የቱለማ ኦሮሞዎች ይዞታ ነበር፤ ለከተማዋ መቆም መጀመሪያ ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ማዕዱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ማሩን፣ ሰንጋውንና እህሉን ያስገባው በየአገሩ ያለው ገባር ነው። ከተማ ላይ ቸርነት ሆኖ የታየው ገጠር ላይ ዕዳ ነበር። የሚበላውም በደጅ ጥናት እንጂ በመብት አልነበረም፤ ጌታው ሲሻር ወይም ሲሞት ማዕዱ ይታጠፋል፣ አሽከሩም ሌላ ጌታ ፍለጋ ይወጣል።

ሥልጣኔ የገባው በታላላቆቹ ደጅ ነው የሚለውም አባባል እውነትነት አለው፤ ሆኖም ከደጁ ወደ ውጭ የወጣበትን መንገድ መለየት ያሻል። በ1880ዎቹ አጋማሽ በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሥራ የእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ቤተ መንግሥቱ ሲገባ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ከምንጭና ከወንዝ መቅዳቱን ቀጠለ። የባሕር ዛፍ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዙሪያው ደን ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከውጭ የመጣው ዛፍ ግን በመኳንንቱ ይዞታ ተወስኖ አልቀረም፤ ችግኙ ታደለና በየጓሮው በቀለ። ለድሃው ማገዶ ሆነው፣ ለጭቃ ቤቱም ማገርና ወጋግራ ሆነው፤ ከተማዋም ከመፍለስ ዳነች። ድልድይም እንዲሁ ነው። በራስ መኰንንና በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም የሚጠሩት ድልድዮች ወንዝ የቆራረጣቸውን ሰፈሮች አገናኝተዋል። ድልድይ የሚሻገረውን ሰው የማን ሎሌ ነህ ብሎ አይጠይቅም። የሁለቱ ጌቶች አዳራሽ ግብር ካበቃ ዘመን ቆጥሯል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም በስማቸው እየጠራ ይሻገራል።

የባለጸጎቹ መኖር ያስከተለው ትልቁ ጉዳት በመሬት በኩል የመጣው ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የመሬት ደንብ የከተማ ይዞታን በሰነድ አጸና፤ መሸጥና ማውረስም ሕጋዊ ሆነ። ከዚያ በኋላ መንገድ በተቀየሰ፣ ገበያ በተስፋፋ፣ ሕዝብ በበዛ ቁጥር የሚጨምረው የመሬት ዋጋ የሚገባው ቀድሞ መሬት ለታደለው ነበር። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ከከተማዋ መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ከሁለት ሺህ በማይበልጡ ባለይዞታዎች እጅ ነበር። ከገጠር የመጣው ሠራተኛ ከእነሱ ላይ ቦታ ወይም ጠባብ ጭቃ ቤት ይከራያል። ነገ ውጣ ሊባል የሚችል ሰው መጸዳጃ አይቆፍርም፣ ግድግዳውን በድንጋይ አይሠራም፤ ኪራይ የሚሰበስበውም ጌታ ቢሆን ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። የከተማዋ መሀል ለረጅም ዘመን በደሳሳ ቤቶች ተጨናንቆ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሀብታሙ ከድሃው ጋር አጥር ለአጥር ሲኖር የድሃው ኑሮ ያልተሻሻለው፣ ድህነቱ ራሱ ለሀብታሙ የኪራይ ገቢ ስለነበረ ነው።

በትምህርት በኩል ያለው ማስረጃ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ይማሩበት ነበር። በ1917 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ በስማቸው ያስከፈቱት ትምህርት ቤትም የአንድ ባለ ሥልጣን ልግስና ሆኖ ጀመረ። ሁለቱም ግን ከመሥራቾቻቸው ዕድሜ አልፈው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሆኑ፤ ስም የሌለው ሰው ልጅ ገባባቸው። ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ገነተ ልዑል ነው። ከታኅሣሡ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይህን ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የንጉሡ ስጦታ የሕዝብ ሀብት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም፤ ተቀባዩ ሰጪውን ለመተቸት ነጻ ሆኗልና።

«ባለጸጎቹ ሲወገዱስ ምን ተገኘ?» የሚል ሰው አሳማኝ ተቃውሞ ያቀርባል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ወረደ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተከራይም በአከራይ ትእዛዝ ከመባረር ስጋት ተገላገለ። ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን የቀበሌው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም፤ ቤቱ አረጀ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ አዲስ ቤት የሚሠራም ጠፋ። ይህን እውነት መካድ አይገባም። ሆኖም ከዚህ የምንማረው የመኳንንቱን ደግነት አይደለም፤ ንብረት «የሕዝብ» ተብሎ መጠራቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ የሚጠግነው ኃላፊና በጀት እንደሚያስፈልገው ነው። ያለ ጥገና ኪራይ የሚሰበስብ መንግሥት፣ ያለ ጥገና ኪራይ ይሰበስብ ከነበረው ባለይዞታ በዚህ ረገድ አይሻልም።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ቅርበት ነው፤ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። በድሮው አሰፋፈር ሀብታምና ድሃ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጡ ነበር፤ ድሃውም ለሥራና ለገበያ ቅርብ ነበር። ይህ ትልቅ ቅርስ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ባለጸጋ ዘበኛ በሚጠብቀው የታጠረ መንደር ይኖራል፤ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የተነሡ ብዙ ነዋሪዎች ደግሞ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደው ለትራንስፖርት ገንዘብና ጊዜ ይከፍላሉ። ያለ መብት የነበረው ቅርበት ተወስዶ በምትኩ መብትም አልተሰጠም። በዘመናችን ዝነኞች መካከልም ልዩነቱ ይታያል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴሎችና ሕንጻዎች ሠርተው ለብዙዎች ሥራ ፈጥረዋል፤ ይህ ክብር ይገባዋል። በስማቸው ዝና ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ግን ለየት ያለ ነገር አድርጓል፤ አስፋልቱን ለእግረኛ ሰጥቶ ተራውን ነዋሪ በገዛ ከተማው ጎዳና አሩጦታል።

ስለዚህ ከተማ ባለጸጎችን መጥላትም መለማመጥም የለባትም። ልትጠይቃቸው የሚገባው ነገር ግልጽ ነው፦ ለያዙት ቦታ ዋጋው የሚገባውን ግብር እንዲከፍሉ፣ ጎረቤታቸው በፈቃዳቸው ሳይሆን በሕግ ተረጋግቶ እንዲኖር፣ የሚሰጡትም ስጦታ ከደጃቸው ወጥቶ በሕዝብ አስተዳደር ሥር እንዲውል። ይህ ከተደረገ የዝነኛው መኖር ለሁሉም በረከት ይሆናል። ካልተደረገ ግን ሰፈሩ ስማቸውን ይወርሳል እንጂ ነዋሪው የሚወርሰው ነገር የለም።