በግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ አንድ የወታደር ፎቶግራፍ

በቦንጋ ከተማ ለተዝካር በተጠራሁበት ቤት የሟቹ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁ። ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ወገባቸውን በሰፊ ድግ ታጥቀዋል፤ በራሳቸውም ላይ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ረዥም ጥቁር ቆብ ደፍተዋል። ከሥሩ «በማይጨው ዘመቻ» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቻቸው የክብር ዘበኛ ልብስ ነው ብለው በደስታ አሳዩኝ፤ እኔም ዝም አልሁ።

ዝም ያሰኘኝ ቆቡ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተዋጋው ክብር ዘበኛ በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነ፣ ካኪ የለበሰ ጦር ነበረ። ረዥም ታርቡሽና ሰፊ ድግ ግን የኢጣልያ ቅኝ ወታደር፣ የአስካሪው፣ ምልክት ነው፤ የድጉ ቀለም ባለቤቱ ከየትኛው ባታልዮን እንደ ሆነ ያስታውቅ ነበር። እግር ባዶ መሆኑ ለማንም አይፈርድም፤ ክብር ዘበኛውም አስካሪውም ብዙ ጊዜ ጫማ አልነበረውምና።

«ታርቡሽ ቀይ ነው፤ ይህ ግን ጥቁር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የቀድሞው የፎቶግራፍ መስተዋትና ፊልም ቀይ ብርሃንን ስለማይቀበል ቀይ ነገር ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ነገር ነጥቶ ይወጣ ነበር። ቀይ የሚቀበለው ፊልም ከወጣ በኋላም አሮጌው ዓይነት ወዲያው አልቀረም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥዕል የሚታመነው ቀለም ሳይሆን ቅርጽ ነው። ቅርጽም ቢሆን ነጋቲቩ ተገልብጦ ሲታተም ይዋሻል፤ የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ስለሚደረብ፣ ኒሻንም በግራ ደረት ላይ ስለሚውል፣ አስቀድሞ ቁልፉንና ኒሻኑን ማየት ነው።

በከፋ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. አገሩን ከያዙ በኋላ በዚያ የሰፈረው ጦር መለዮ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጀግናው የሚታወቅ በጎፈሩና በለምዱ ነበረ። ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከተማረኩ ወዲህ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ አገሩ ጅማ በተቀመጠው የኢጣልያ ገዥ እጅ ነበረ። ኢጣልያም ከአገሬው ወታደር መልምሏል፤ አንዱ በረኃብ፣ አንዱ በግድ፣ አንዱም በፈቃዱ ገብቷል። ከነጻነት በኋላ እንግሊዞች ያሠለጠኑት ጦር የእንግሊዝን ልብስ ለበሰ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የሄደው የቃኘው ሻለቃ ደግሞ የአሜሪካንን። የኮርያ ዘማች ሜዳይ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ሽንትር ስለ ሆነ በጥቁርና ነጭ ሥዕል እንኳ ይለያል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሼ ባልቴቲቱን ለብቻቸው አገኘኋቸው። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እርሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ቆቡን አይተኸዋል» አሉኝ። «እኔ አውቀዋለሁ። ማይጨው ብለው የጻፉት ልጆቹ ናቸው። እርሱ በሕይወት ሳለ ይህን ሥዕል ከሣጥን አውጥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ይውረድ ይላሉ?» አልኋቸው።

«አይውረድ፤ ሌላ ሥዕል የለውም» አሉና ሥዕሉን ከግድግዳው አንሥተው ጀርባውን አዙረው ሰጡኝ። ጥቂት ዝም ብለው የገባበትን ዓመትና ከድቶ ወደ ቤቱ የተመለሰበትን ወር ነገሩኝ፤ እኔም በእርሳስ ጻፍሁት።