የፈጠራ መብትና የቴክኒክ ትምህርት፦ ከሐረር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የአንድ አገር የቴክኒክ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት ከውጭ የገቡት መሣሪያዎች ናቸው። ስልክ በዚህ ዓመት ገባ፣ ባቡር በዚያ ዓመት ደረሰ ይባልና ትረካው ይዘጋል። የመሣሪያው አሠራር ዕውቀት ለማን እንደተላለፈ፣ በምን መንገድም እንደተላለፈ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሐረር ከተማ ታሪክ ምቹ ምሳሌ ነው፤ ስልክ፣ ማተሚያና ባቡር ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ሐረርና አካባቢዋ ከዋነኞቹ በሮች አንዱ ነበሩና። (ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ፓተንት ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ፓተንት በመንግሥትና በፈጠራ ሠሪ መካከል እንደሚደረግ ውል ሊታይ ይችላል። ፈጣሪው የሥራውን ምሥጢር፣ ሌላ የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ፣ በጽሑፍና በሥዕል ይገልጻል፤ በምላሹም ለተወሰነ ዘመን ሥራውን በብቸኝነት የመጠቀም መብት ያገኛል። ዘመኑ ሲያበቃ ፈጠራው የሁሉም ይሆናል። መብቱም የሚጸናው በተሰጠበት አገር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓተንት ሁለት ገጽ አለው፤ በአንድ በኩል ክልከላ፣ በሌላ በኩል ትምህርት ነው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካ ዋነኛ የሆኑትን ሁለት የስልክ ፓተንቶች ያገኘው በ1876 እና በ1877 ነበር። በዚያን ጊዜ ሕጉ የሚሰጠው ዘመን 17 ዓመት ስለነበረ የመጀመሪያው በ1893፣ ሁለተኛው በ1894 መጀመሪያ ላይ አበቃ። የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረውም ይኸው 1894 ነው፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ ሐረርን ራስ መኮንን ሲያስተዳድሩ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር የተዘረጋበት ሥራ የሚታወሰው በዚህ ዓመት ነው። እንግዲህ ስልክን በኢትዮጵያ ለመሥራት የሚከለክል የቤል መብት አልነበረም። ያልነበረው ሽቦ የሚስብ፣ ባትሪ የሚያዘጋጅ፣ የተበላሸን ቀፎ ፈትቶ የሚጠግን የአገር ባለሙያ፣ እርሱንም የሚያፈራ ትምህርት ቤት ነበር።

የባቡሩም ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ያገኘው በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ በ1902 ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በዚያም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ፓተንት ያበቃው በ1800 ስለሆነ፣ በዚህም ረገድ ዕውቀቱ ከመቶ ዓመት በላይ ነጻ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሐረር ባቡሩን ስታጣ የቀረባት የጭነትና የንግድ ጥቅም ብቻ አልነበረም። የምድር ባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ የተቋቋመው በድሬዳዋ በመሆኑ፣ ብረት መቅረጽንና ሞተር መገጣጠምን ከሥራው እየተማሩ የወጡት መካኒኮች መፍለቂያም በዚያው ሆነ። ሙያ ወርክሾፕን ተከትሎ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በመጽሐፍ ሥራ በኩል ግን ሐረር ባዶ እጅዋን አልነበረችም። በጁገል ግንብ ውስጥ ቅዱስ ቁርኣንና ሌሎች መጻሕፍት በእጅ ሲገለበጡ፣ በቆዳም ተደጉሰው በጌጥ ማኅተም ሲዋቡ ለብዙ ዘመን ቆይተዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የካፑቺን ሚሲዮናውያን በከተማዪቱ አጠገብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ባቋቋሙት መጠለያ ማተሚያ ተከሉ፤ ከ1905 ጀምሮም በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ሁለቱ ሙያዎች ጎን ለጎን ቢኖሩም አንዱ ሌላውን የሚያስተምርበት መድረክ አልተፈጠረም። ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ብቻ ይተላለፍ የነበረው የድጉሰት ጥበብም ተረካቢ ሲያጣ እየደከመ ሄደ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በሐረር ባቋቋሙት ሙዚየም የቆዩ ጽሑፎችን ሰብስበው በማደስ ጥበቡ እንዳይጠፋ ያደረጉት ጥረት ምስጋና ይገባዋል። ያልተጻፈ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የፓተንት ጽሑፍ በመሠረቱ የተፈለገውም ይህንኑ ለመከላከል ነው።

ያለ ሽቦ መልእክት የማስተላለፍ ሥራ ከዚህ የተለየ አልሆነም። ማርኮኒ የሬዲዮ ፓተንቱን ማመልከቻ በእንግሊዝ አገር ያቀረበው በ1896፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሽቦ መስመር ሥራ ገና በሚነሣበት ዘመን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የአውስትራሊያ መንግሥት የምርምር ድርጅት ኮምፒውተሮችን ያለ ሽቦ ለሚያገናኝ ዘዴ የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ችግሩ የሬዲዮ ሞገድ በቤት ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመለስ መልእክቱ መደበላለቁ ነበር። መሐንዲሶቹ መልእክቱን በብዙ የሞገድ ድግግሞሾች ከፋፍለው ቀስ ብሎ እንዲጓዝ በማድረግ ገደሉን አሻገሩት። የዚህም ፓተንት ዘመን በ2013 አብቅቷል። በጁገል ጠባብ መንገዶች፣ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል የሚኖር ተማሪ፣ ሞገድ ሲነጥርና ሲዳከም ለመለካት ከራሱ ሠፈር የተሻለ ቤተ ሙከራ አይሻም።

ኢትዮጵያ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123ን ያወጣችው በ1995 ነው። አዋጁ ለፓተንት 15 ዓመት ሰጥቶ፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ 5 ዓመት እንዲጨመር ደነገገ። ነባር መሣሪያን ለሚያሻሽል የእጅ ባለሙያ የሚሆን የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀትም ፈቀደ። ጉዳዩን የሚከታተል የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2003 ተቋቋመ። በዚህ ሁኔታ ሕጉ አለ፤ ቀሪው የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው።

በመሆኑም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ዘመናቸው ያለፈ ፓተንቶች በፊዚክስና በሙያ ትምህርት እንደ ማስተማሪያ ጽሑፍ ሊነበቡ ይገባል። ኒኮላ ቴስላ በ1888 ፓተንት ያገኘበት የተለዋጭ ኤሌክትሪክ ሞተር ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው፤ በወፍጮ ቤትና በውሃ ፓምፕ ያለው ሞተር ሲቃጠል ሽቦውን የሚጠቀልለው ባለሙያ በየከተማው ይገኛልና፣ ተማሪው ጽሑፉን ከእጅ ሥራው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአካባቢ ሙያዎች አሠራራቸው ደረጃ በደረጃ በጽሑፍና በሥዕል እንዲመዘገብ መደረግ አለበት። ሦስተኛ፣ አዲስ መሣሪያ ለትምህርት ቤት ሲገዛ ለጥገናው የሚሆን ወርክሾፕና መምህር ከዕቅዱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ያስፈልጋል።

በ1894 የተጻፈው የስልክ ዕውቀት ክፍት ነበር፤ ገብቶ የሚያነበው አልተገኘም። ዛሬም ብዙ በሮች ክፍት ናቸው። አንባቢውን ማዘጋጀት የትምህርት ቤት ሥራ ነው።