ሽቦ ባልደረሰበት ሁሉ

የጣሊያን ጦር መረብን ሊሻገር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ወራሪው አገር የተከለው ማሠራጫ የተወራሪውን አቤቱታ ባሕር አሻግሮ ማድረሱ ዛሬም ያስደንቀኛል። በዚያ ዘመን ጎረቤቶቻችን በሙሉ በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበሩ፣ ከአገር የሚወጣ የቴሌግራፍ ሽቦ የግድ በሌላ መንግሥት እጅ ያልፍ ነበር። ጣቢያው የተናገረበት አጭር ሞገድ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህ ሞገድ በመጀመሪያ የተናቀ ነበር። ባለሙያዎቹ ርቆ የሚሄደው ረጅሙ ሞገድ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣችው የሬዲዮ ሕግ በፍላጎት ሬዲዮ የሚሞክሩትን አማተሮች ከ200 ሜትር የሞገድ ርዝመት በላይ እንዳይወጡ ከለከለች። ከ200 በታች ያለው ለማንም አይጠቅምም ተብሎ የተተወላቸው ነው። አማተሮቹ ግን በተሰጣቸው ጥግ ሆነው መሞከራቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1923 ፈረንሳይ ኒስ ከተማ የነበረው ሊዮን ዴሎይ በ100 ሜትር አካባቢ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግሮ ከአሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል ጋር በሞርስ ተላላከ። በዓመቱ ጥቅምት ደግሞ የኒውዚላንዱ ፍራንክ ቤል፣ ለንደን ከሚል ሂል ትምህርት ቤት መልእክት ከሚልከው ከተማሪው ሴሲል ጎይደር ጋር ተገናኘ። ምድርን ግማሽ የዞረ ግንኙነት በአንድ ተማሪ እጅ ተሠራ ማለት ነው። መንግሥታቱም እየነቁ መጡ፤ ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ1932 ለብሪታንያ ግዛቶች በአጭር ሞገድ ማሠራጨት ጀመረ።

ምስጢሩ ያለው ሰማይ ላይ ነው። የፀሐይ ጨረር የላይኛውን አየር ኤሌክትሪክ ያዘለ ንብርብር ያደርገዋል፤ አጭር ሞገድ እዚያ ደርሶ ወደ ምድር ይመለሳል፣ ከምድርም ዳግም ይነሣል። ንብርብሩ ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት ስላልሆነ ቀን በ16 ወይም በ19 ሜትር ባንድ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ሲመሽ ይጠፋል፤ ያኔ ወደ 41 ወይም ወደ 49 መዞር ነው። ፀሐይም በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ስትበረታና ስትዳከም ሥርጭቱ አብሮ ይለወጣል።

በአገራችን የአጭር ሞገድ ታሪክ ከአቃቂ ቀጥሎ ትልቁ ስም ብሥራተ ወንጌል ነው። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ያስጀመረው ይህ ጣቢያ ጌጃ ላይ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት ማሠራጫዎች ተክሎ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ይናገር ነበር። አዲስ አበባ የምትሰማ ብቻ ሳትሆን የምታሰማም ከተማ ነበረች፤ ይህን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝነኛል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው።

ከዚያ ወዲህ ጆሮ ወደ ውጭ አዘነበለ። የጀርመን ድምፅ በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ መናገር ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1975 ዓ.ም. ተጨመረ። የደርግ ተቃዋሚዎች ጣቢያዎች የነበሩት ድምፂ ሓፋሽና ድምፂ ወያነም በአጭር ሞገድ ይሰሙ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በር ይዘጋል፣ ድምፅ ይቀነሳል። አንቴናው ከተሰበረ የመዳብ ሽቦ ታስሮ ወደ ጣሪያው ይሳባል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ድምፁ ይጎላል፣ ደግሞ ይርቃል። የሬዲዮዋን መርፌ በፀጉር ልክ ማንቀሳቀስ የሚችል እጅ በቤቱ የተከበረ ነበር።

ይህን ሞገድ መቁረጥ አይቻልም፤ የሚቻለው በላዩ ላይ መጮህ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የዘር ጭፍጨፋ ከቀሰቀሰው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው ለማፈን ዝግጁ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። አፈና ግን ኃይል ይበላል፣ በየድግግሞሹ ማሠራጫ ይፈልጋል። አድማጩም መርፌዋን ከጩኸቱ ጠርዝ ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ ቃሉን ለመልቀም ይታገላል።

ዛሬ ማሠራጫዎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የመብራት ወጪው ከባድ ነው፣ ወጣቱም ስልኩ ላይ ነው። ሆኖም የስልክ መረብ ማብሪያ ማጥፊያው አገር ውስጥ ነው። በትግራይ ጦርነት ወቅት ስልክ፣ ኢንተርኔትና መብራት አብረው ሲቋረጡ፣ በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ የነበረው ሰው ቢያንስ ከውጭ ዜና የሚሰማበት መንገድ አላጣም። ቢቢሲ በ2010 ዓ.ም. የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ ድረ ገጾቹን ከከፈተ ከወራት በኋላ በአጭር ሞገድ የዜና ፕሮግራም መጨመሩ ያለፈበትን ነገር የሙጥኝ ማለት አልነበረም። አድማጩ የት እንዳለ ያወቀ ጣቢያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማሠራጫ ለመዝጋት የሚያስቡትም የድረ ገጽ ጎብኚዎቻቸውን ቁጥር ከማየታቸው በፊት የመብራት ምሰሶ ያልደረሰባቸውን ወረዳዎች ካርታ ቢዘረጉ እመርጣለሁ።