አንድ ሣጥን፣ አራት ባለሙያ

«ዋይፋይ ጠፋ!» ስንል ምን ማለታችን ነው? መስመሩ ተቋርጦ ነው? ሣጥኗ ደክማ ነው? ወይስ ሳሎን ያለው ሞገድ መኝታ ቤት መድረስ አቅቶት? ብዙዎቻችን ለይተን አናውቅም። አይፈረድብንም፤ አራት የተለያዩ ሥራዎች በአንዲት ሣጥን ተጠቅልለው ነው የተሰጡን። ስትታመምብን አጥፍቶ ከማብራት ሌላ መድኃኒት ያጣነውም ለዚሁ ነው። የአራቱን ታሪክ ስናይ ግን ደባሎች እንጂ መንትዮች እንዳልሆኑ እንረዳለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገመዱን የወለደው ሬዲዮ

ገመድ የድሮ፣ ገመድ አልባ የአሁን ይመስለናል። የቤታችን ኔትወርክ ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በየደሴቱ ያሉ ተጠቃሚዎችን ከዋናው ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ አገናኙ፤ ስሙንም አሎሃኔት አሉት። ሁሉም በአንድ ሞገድ ይናገራል፤ ሁለት መልእክት ከተጋጨ ላኪዎቹ እንደ ዕጣቸው ጥቂት ጠብቀው ይደግማሉ። ማንም ሳያዳምጥ ስለሚናገር ግን ከመስመሩ አቅም ለቁም ነገር የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ ነበር።

በ1973 ካሊፎርኒያ ባለው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ሮበርት ሜትካፍ ይህን ሐሳብ ገመድ ውስጥ አስገባው። ከዴቪድ ቦግስ ጋር የሠሩት ኢተርኔት የዕድር ስብሰባ ላይ የምናውቀውን ጨዋነት ጨመረበት፦ መጀመሪያ አዳምጥ፣ ሌላው ዝም ሲል ተናገር። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። ሜትካፍ በዚሁ ሥራ የ2022ን የቱሪንግ ሽልማት ወስዷል።

ያኔ ሁሉም ማሽን በአንድ ወፍራም ገመድ ላይ ተሰልፎ ስለነበር፣ ገመዱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ይፈታል። በ1990 የጸደቀው ደረጃ የስልክ ሽቦ በሚመስል ገመድ እያንዳንዱን ማሽን ለብቻው ወደ መሐል አመጣው። መሐል የተቀመጠው ስዊች ደግሞ መልእክቱን ለሁሉም ሳይበትን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል።

ፖስታ ሣጥኑና አየሩ

ሦስተኛው ባለሙያ ራውተር ነው። የኢንተርኔት አድራሻዎች ያኔ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ በ1994 አንድ አድራሻ ለብዙ ማሽን የሚያጋራ ዘዴ ቀረበ። የሰፈር ልጆች በአንድ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ ይቀበሉ እንደነበረው ማለት ነው፤ የትኛው ደብዳቤ የማን እንደሆነ የሚያስታውሰው ራውተሩ ነው።

አየሩ የተከፈተው በ1985 ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ የማይክሮዌቭ ምድጃ ሰፈር የነበሩ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ መገናኛ እንድንጠቀምባቸው ፈቀደ። በ1997 የመጀመሪያው የገመድ አልባ ደረጃ በ2 ሜጋቢት ወጣ፤ በ1999 ወደ 11 አደገ፤ ዋይፋይ የሚለው የንግድ ስምም ያኔ ወጣለት።

ደባልነቱ

በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ ራውተሩን፣ ስዊቹንና ሞገድ የሚረጨውን አክሰስ ፖይንት በአንዲት ሰማያዊና ጥቁር ሣጥን አሰባስቦ ሸጠ። ውስጧ ሊኑክስ ስለነበር ኩባንያው በፈቃዱ ውል መሠረት ኮዱን በ2003 ለሕዝብ ከፈተ፤ በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተወለደ። ዛሬ ከመስመር አቅራቢ የሚሰጠን ሣጥን ሞደሙንም ጠቅልሏል።

ለአንድ ክፍል ቤት ይህ ይበቃል፤ አራት ዕቃ አራት ሶኬትና ተጨማሪ ወጪ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ፎቁ ኮንክሪት ለሆነ ቤት ግን መለያየቱ ያዋጣል። ሞደሙ መስመሩ የሚገባበት ጋ ይቀራል፤ አክሰስ ፖይንቱ በገመድ ተስቦ ኮሪደር ላይ ይሰቀላል፤ ከቦታው የማይነቃነቀው ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕ ከስዊቹ በገመድ ይጠጣል፤ አየሩ ለስልኮቻችን ይለቀቃል። ራውተሩ የራሳችን ሲሆን የአቅራቢው ሣጥን ሞደም ብቻ ሆኖ እንዲሠራ ማስተካከልና ዋይፋዩን ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ሁለት አለቃ በአንድ ቤት ይሆናል።

ትልቁ ትርፍ ግን ፍጥነት አይደለም፤ ሕመሙን ለይቶ ማወቅ ነው። ላፕቶፓችንን ስዊቹ ላይ ሰክተን ከሠራ፣ መስመሩ ደህና ነው፣ የታመመው አክሰስ ፖይንቱ ነው። ሞደሙ ላይ በቀጥታ ሰክተንም እምቢ ካለ፣ አሁን ለአቅራቢው መደወል ይቻላል፤ «ችግሩ ከእናንተ ነው» ቢሉን የምንመልሰው አለን።